በአፍንጫ የገባ ወተት

ጻፊልኝ እስቲ የኔ ልጅ። ታላቅ ወንድሜ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል አንጀቱን ኦፕራሲዮን በሆነ በማግስቱ፣ ነርሷ በአፍንጫው በገባው ቱቦ ወተት ልትሰጠው መጣች። «ትናንት የተሰፋ አንጀት ዛሬ ምን ወተት ይችላል?» አልኳት። «ባዶውን ከዋለ እኮ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ እናቴ» አለችኝ። እኔስ አመንኳት፤ እሱ ግን «በሁዳዴ ወተት? ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ ቱቦውን ጨምድዶ ያዘ። የንስሐ አባቱን ከቀያችን ከሸዋ ቤንች አስመጣሁ። «ለታመመ ተፈቅዷል» ቢሉትም ወይ ፍንክች። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ።

ነርሷ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ምላስዎን እኮ አይነካም» አለችው። አሰብ አደረገና ለቀቀላት። በዚያው ወተት እያገገመ ሄደ። በኋላ ሐኪሙ «እንግዲህ ቱቦው ይውጣና በአፍዎ ይጠጡ» ሲለው፣ ወንድሜ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጾሜን ልታስገድፈኝ ነው እንዴ፣ ልጄ? እስከ ፋሲካ ይቆይልኝ።»