ሊወስዱኝ የመጡት አባቴ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በቤንዚን የሚሠራ የመኪና ማጠቢያ ፖምፓ እየቀየርኩ ሳለ አባቴ ዱብ አሉብኝ። «ትምህርቱንም ተውከው፣ እርሻውንም ሸሸህ። ተነሣ፣ ዛሬ ይዤህ ነው የምሄደው!» የማጠቢያው ባለቤት ጋሽ አድማሱም አላዘኑልኝ፤ «ይህን ካሠራ እቀጥረዋለሁ፤ ካላሠራ ይውሰዱት» አሉ። አዲሱን ፖምፓ አስሬ ገመዱን ስስብ ሞተሩ ተነሣ፤ ውሃው ግን እንደ ሕፃን ሽንት ተንጠባጠበ! ጂፑን ሊያሳጥብ ተራ የሚጠብቀው የወረዳው ገዥ ሾፌር «ኧረ በምራቅህ እጠብልኝ!» ብሎ ሳቀብኝ። ለካ ውሃ መግቢያው ላይ ያለው ማሸጊያ ጎማ አሮጌውን ፖምፓ ስፈታ ተቀዶ አየር ያስገባ ኖሯል። ሌላ ጎማ የሚገኘው ደግሞ ጎንደር ነው።

አለቀልኝ ስል አባቴ ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼማ እንደ ላላ ሞፈር ነው» አሉ። ለሞፈራቸው ማሰሪያ ከገበያ ከገዙት የቆዳ ጠፍር ቆርጠው ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፉት። «ቆዳው ሲርስ ያብጣል፤ ክፍተቱን ይደፍነዋል።» «ሊወስዱኝ አልነበር የመጡት?» ብላቸው «የላላ ነገር እያየሁ ማለፍ አልችልም!» ብለው ተቆጡኝ። ቆዳውን በጎማው ልክ ቆርጬ አሰርኩና ገመዱን ሳብኩ። ውሃው የጂፑን ጭቃ ገፎ ሾፌሩንም አራሰው! ጋሽ አድማሱ እየሳቁ «ነገ በጠዋት ግባ» አሉኝ። አባቴ ለመሄድ ዱላቸውን አነሡ። «ለእናትህ ምን ልበላት?» «በቅርብ ይመጣል በሏት።» «እኔ ውሸት አልነግራትም» አሉና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ «ሥራ ይዟል እላታለሁ» ብለውኝ ብቻቸውን ሄዱ።