ለትሩፋት የተመረጡ ሁለት ጎማዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እቴናት ዓለሙ
ዕድሜ፦ 54
የትውልድ ቦታ፦ ደሴ
አድራሻ፦ አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን
ሥራ፦ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባል የሞተባት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ግንቦት 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት
የተጠርጣሪ ስም፦ ሣህሉ ወሰኔ፣ ሾፌር

እኔ ስሜ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ለመናገር ቃል ገብቼ፣ ስለ ሾፌር ሣህሉ ወሰኔ ተጠይቄ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ተጠርጣሪውን አውቀዋለሁ፤ ዘመዴ አይደለም፣ ጠብም የለንም። ከሁሉ በፊት ግን ይህን አስጽፌአለሁ። ወደዚህ ጣቢያ ዓርብ ዕለት ማንም ሳይጠራኝ መጥቼ፣ ጉዳዩን የያዘው ሰው የለም ተብዬ ተመልሻለሁ። ዛሬ ጉዳዩን የያዘው ሰው ተገኘ፤ ዛሬ ደግሞ እኔ ቀብር አለብኝ፤ የማን እንደሆነ ስደርስበት እናገራለሁ። መርማሪው አሥር አለቃ ብዙነህ፣ እማማ ያሳጥሩ ሲሉኝ አላሳጥርም ልጄ ብያቸዋለሁ። ይህም ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፏል።

ሣህሉ ከአሰብ በስተሰሜን ርቆ በባሕሩ ዳር በጥዖ የሚገኘው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጥዖ ደረቅ ዓሣ ጭኖ መጥቶ አሰብ ወደብ ያራግፋል። የጥዖ መንገድ መንገድ ተብሎ ይጠራል እንጂ አሸዋ፣ የጎርፍ ቦይና ጥቁር ድንጋይ ነው። ባለቤቴ አቶ ፍቃዱ መካኒክ ነበር፤ በሕይወት ሳለ የሣህሉን መኪና የሚሠራው እሱ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም ሣህሉ ዕቃ የሚገዛው ከእኔ ሱቅ ነው። ጨቅጫቃ ደንበኛ ነው፤ አንድ ቡሎን ለመግዛት ሱቁን በሙሉ ያስገለብጠኛል። ስድቤን ስለሚችል እወደዋለሁ።

ሚስቱ ትሩፋት ጥዖ ተመድባ የምታስተምር መምህርት ነበረች። አሰብ ስትመጣ የምታድረው እኔ ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ካስወረዳት በኋላ ዘንድሮ ፅንሱ ቆመላት። በመጋቢት ወር እዚህ ሐኪም ሲያያት አብሬአት ገብቼ ነበር። ሐኪሙ፣ የእንግዴ ልጁ ከቦታው ወርዶ የማሕፀኑ በር ላይ ተቀምጧል፣ ስለዚህ የምትወልጂው በኦፕራሲዮን ነው፣ ሆድሽ ከገፋ በኋላ መንገጫገጭ የለብሽም፣ ከደማሽ ለአንቺም ለልጁም አደጋ ነው አላት። እንግዲያው እዚሁ እኔ ቤት ቅሪ ብዬ ለመንኳት። ተማሪዎቼን ሳላስፈትን አልቀርም አለች። ተቆጣሁ፣ ሰደብኳት፤ እሷ ግን ስቃ ሳመችኝና ሄደች። ስምንተኛ ወሯ ሲገባ ሣህሉ በመኪናው ሊያመጣት ተስማሙ። ቁጭ ብላ መምጣት ስለማትችል ኋላ ዕቃ በሚጫንበት ካሶኒው ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ተኝታ ልትመጣ ነበር።

ማክሰኞ ግንቦት 10 ቀን ጠዋት ሣህሉ ሱቄ መጥቶ የኋላው ማረፊያ ጎማ ተበልቶ አልቋል አለኝ። ማረፊያ ጎማ ምን እንደሆነ እንዳስረዳ ተጠይቄ፣ ጭነቱን በሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት በባሌስትራውና በመኪናው አጽም በሻሲው መካከል የሚታሰር ወፍራም ቁራጭ ጎማ ነው፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ብረት ከብረት እንዳይማታ ዱላውን የሚቀበለው እሱ ነው ብዬ መልሻለሁ። የጭነት ሾፌር ሁሉ የሚወስደውን አጭሩንና ደረቁን ሰጠሁት። ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ጎማ ነው። ሱቄ አጠገብ የሚሠራው መካኒክ ንዋይ አሰረለት፤ ሣህሉም ነድቶ ሞከረው። ከሰዓት በኋላ ግን አስፈትቶ ይዞት መጣና ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። «እትዬ፣ ይሄ ለጨው ነው። እኔ የምጭነው ትሩፋትን ነው» አለኝ። ያንኑ ጎማ በዚያው ቀን ጨው የሚያመላልሰው ሾፌር ውብሸት ከእኔ ገዛው፤ አንተዬ ይሄ እኮ ብረት ነው እያለ ደስ ብሎት ሄደ። ይህን እዚህ ላይ ያስጻፍኩት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ረቡዕ ዕለት ንዋይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ እየቆረጠ ደራርቦ ሌላ ሠራለት። አሁን ሣህሉ መሪ ይዤ መሞከር አይበቃኝም አለ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ኋላ የተኛ ሰው የሚሰማውን አያውቅም ብሎ፣ ካሶኒው ላይ የሚተኛ ሰው ፈለገ። ንዋይን አስተኝቶ አየውና፣ አንተ አጥንት ብቻ ስለሆንክ በአንተ አይለካም አለው። ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ምን ልበል! በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሥጋዬ፣ ፍራሽ አንጥፈው የመኪና ካሶኒ ላይ አስተኙኝ። ሆዴ ላይ ውኃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ፣ እንዳትይዢው፣ ዝም ብለሽ ተኚ አለኝ። ከሱቄ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መታጠፊያ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እየመረጠ ገባበት። የሰፈሩ ሰው ከየቤቱ ወጣ። ከወደብ የሚመለሱ ወዛደሮች፣ እትዬ እቴናት ምጥ ይዟት ነው እያሉ አጨበጨቡ። ያ የንዋይ ጎማ ከጉድጓድ ሲወጣ መልሶ ይወረውራል፤ ውኃው በሙሉ ፊቴ ላይ ተደፋ። ሣህሉን ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ ብቻ አልሳቀም። ካሶኒው ላይ ወጥቶ የረጠበውን ፍራሽ በእጁ ዳበሰና፣ ይሄም አይሆንም አለ።

አሥር አለቃው፣ እማማ ወደ ዋናው ጉዳይ ይግቡ ሲሉኝ፣ ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው ብያለሁ።

በሱቄ ጓዳ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከመርከብ ከወረደ ዕቃ ጋር የገዛው፣ ገዢ አጥቶ የተቀመጠ አንድ ጥንድ ጎማ ነበር። ረዥምና ለስላሳ ሆኖ ወገቡ ላይ ቀለበት ቀለበት ያለው ነው። ለጭነት ስለማይሆን ሾፌር አይቶ ይስቅበታል። ሣህሉ ያን አነሣና በጥርሱ ሳይቀር ነክሶ አየው። ንዋይ መያዣ ብረት በስቶ አሰረለት። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ተንጋለልኩ፣ ሳህኑም ሆዴ ላይ ተቀመጠ። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። ያንኑ ጉድጓድ መልሶ መልሶ ገባበት። ከውኃው የፈሰሰው ቀሚሴን እንኳ አላራሰም። እንቅልፌ መጣ ብዬ ጮህኩለት። ሣህሉ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ሳህኑን አየ፣ ከዚያ ካሶኒውን ተደግፎ አለቀሰ። «በዚህስ ትደርሳለች፣ እትዬ» አለኝ። ወንድ ሲያለቅስ ማየት ስለማልወድ ፊቴን አዞርኩ። እኔም ግን አልቅሻለሁ።

በዚያው ዕለት በአሥር ሰዓት ባዶ መኪናውን ይዞ ሊያመጣት ወደ ጥዖ ወጣ። መውጫው ኬላ ላይ ሲፈተሽ ከሥሩ ያልታወቀ ነገር ታስሮበታል ተብሎ እሱም መኪናውም መያዛቸውን የነገረኝ ንዋይ ነው። መኪናው ለወንበዴ ከባድ ጭነት ለማመላለስ ሆን ተብሎ መለወጡን ያውቃሉ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ በጠረጴዛው ላይ በኤግዚቢትነት የተቀመጡትን ሁለት ጎማዎች አይቼ፣ እነዚሁ ናቸው ብያለሁ። አሥር አለቃውን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት ብያቸው ተጭነው አይተዋል፤ ጣታቸውም ገብቷል። በዚህ ላይ ጥይት ቢጫንበት በመጀመሪያው ቦይ ላይ ይፈርጣል። የወንበዴ ጭነት የሚያስብ ሰው ደረቁን ጎማ አይመልስልኝም ነበር። ይህ ጎማ የሚችለው አንዲት ነፍሰ ጡርና አንድ ፍራሽ ነው።

ዓርብ ጠዋት ለሣህሉ ምግብ ይዤ መጣሁ። በበሩ ቀዳዳ ስንነጋገር ስለ ራሱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ውብሸት ዛሬ ወደ ጥዖ ይወጣል፣ ንገሪው፣ እሱ እንዳያመጣት፣ የእሱን ጎማ አውቀዋለሁ፣ እኔ እስክፈታ ከአልጋዋ አትውረድ አለኝ። ከዚህ ጣቢያ ወደ ጥዖ የሄደው መልእክት ይኸው ነው፤ ለውብሸት ያደረስኩትም እኔ ነኝ። ውብሸትም ጥዖ ሲደርስ ቃል በቃል ነግሯታል። እሷም እሺ፣ እጠብቀዋለሁ ብላ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን የሰማሁት ከውብሸት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ትሩፋት ደማች። የጥዖው ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ይህ እዚህ የሚቆም ደም አይደለም፣ በተገኘው መኪና አሁኑኑ አሰብ ትሂድ አለ። በጥዖ የተገኘው መኪና የውብሸት ብቻ ነው። ውብሸት የጫነውን ጨው አሸዋ ላይ አራገፈ። የመንደሩ ሰው ያለውን ፍራሽ ሁሉ አመጣ፤ አፋሮቹ ሰሌናቸውን፣ አስተማሪዎቹ አልጋ ልብሳቸውን አነጠፉ። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ተቀመጡ። ሌሊቱንም ሳያቆም፣ ድንጋያማው ላይ በእግር ከሚሄድ ሰው ሳይፈጥን ነዳ። ቦይ በደረሰ ቁጥር ወርዶ ድንጋይ ያነሣ ነበር። ግን ባሌስትራው በተቀመጠ ቁጥር ያ ጎማ እንደ መዶሻ ይመታ ነበር፤ ጆሮዬ ኋላ ነበር እንጂ ሐሳቤ መሪው ላይ አልነበረም ይላል። በመታ ቁጥር፣ አይዞህ ውብሸት፣ ቀስ በል፣ እደርሳለሁ ትለው ነበር። እሑድ ጠዋት ለአሰብ ቅርብ የሆነውን በይሉልን ካለፉ በኋላ ድምፅዋን አጣው። ወርዶ ሲያያት ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊቷ ላይ አልብሰዋት ነበር። ልጁም አብሯት ሄዷል።

ውብሸት ወዴት እንደሚወስዳት ስላልገባው በቀጥታ ወደ እኔ ሱቅ መጣ። እኔ በሳህን ውኃ ይዤ በተኛሁበት ቦታ፣ በሱቄ በር ላይ፣ እሷን አወረድናት። ውብሸት መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ሲመታ እጁን ይዤ፣ አንተ ምን አጠፋህ፣ ጎማው ለጨው የተሠራ ነው አልኩት። ዛሬ የምትቀበረው እሷ ናት።

ትናንት እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ለሣህሉ እራት ይዤ ወደዚህ መጣሁ። ልነግረው ነበር የመጣሁት፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበስ ሲገባኝ እንዳይጠረጥር ብዬ በር ላይ አስተካክዬ ለበስኩ። ቀዳዳው ጋ ሲመጣ ፊቱን አይቼ አቃተኝ። ትሩፋት እንዴት ናት አለኝ። መጥታለች አልኩት። በምን መጣች አለ፣ በውብሸት አልኩት። አልደማችም ወይ አለኝ። ደህና ናት፣ ሐኪም ቤት አስተኝተዋታል፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ እጄን በቀዳዳው ስቦ ሳመው። ከዚያ «ኦፕራሲዮኑን እኔን ብላ እንዳታዘገየው። አትጠብቀኝ በያት» አለኝ። እሺ አልኩት። ምግቡን ተቀበለኝ፤ ከታሰረ ወዲህ በደንብ ሲበላ ያየሁት ትናንት ነው።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ፣ እነዚያን ሁለት ጎማዎች ከእንግዲህ ማንም እንደማይፈልጋቸው፣ ጣቢያው ሊያስቀራቸው እንደሚችል ተናግሬአለሁ።

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እንደ ተናገርኩት ተጽፏል። በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። በዚህ ጉዳይ ሐሰት የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ትናንት ማታ በዚህ ጣቢያ በር ላይ ለሣህሉ የሰጠሁት ቃል ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሣህሉ ዘንድ ገብቼ ያን ቃሌን በራሴ አፍ እንዳርም ይፈቀድልኝ ብዬ ጠይቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ እቴናት ዓለሙ

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ አሥር አለቃ ብዙነህ፣ ፊርማ