ደህና ነኝ ያሉት አናጢ

ሰው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ በር እየገባና እየወጣ ዓመት ኖሮ፣ በመጨረሻ የሚያስተዋውቀው ዝናብ ሊሆን ይችላል። እኔንና ጋሽ ውሃልክን ያስተዋወቀን ዝናብ ነው።

የምኖረው በግቢያቸው ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ተከራያቸው ነኝ። ከሰው ይልቅ ከመስኮቴ ጋር ማውጋት ስለሚቀናኝ ከ«እንደምን አደሩ» ያለፈ ነገር ተለዋውጠን አናውቅም ነበር። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። በቤት ዕቃ ፋብሪካ ዋና አናጢ ሳሉ፣ ዓይናቸው የተንጋደደ ነገር ካየ እጃቸው አያርፍም ነበርና፣ ግድግዳና ጠረጴዛ ቀጥ ማለት አለማለቱን በሚለካው መሣሪያ ጠሯቸው። እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስመለስ ዶፍ ወረደብኝና ወደ አንድ ሕንፃ ጥግ ሮጥኩ። ጋሽ ውሃልክ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ቀኝ እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው በግራቸው ባርኔጣቸውን ያራግፋሉ።

«ተከራይ፣ አንተም ተያዝክ?» አሉኝ።

«ተያዝኩ ጋሼ። ከየት ነው?»

«ሥራ አግኝቼ ስመለስ። ሰኞ እዚያ ማዶ መጋዝ ቤት እገባለሁ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ደነገጥኩ። የተከመረ ጣውላ ተንዶ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ከወደቀ ወዲህ፣ ያ እጅ ሳይታሰብ እንደሚደነዝዝ፣ የጨበጠውንም ሳያስታውቅ እንደሚለቅ በግቢው የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። ፋብሪካው አሰናብቷቸዋል። የአካል ጉዳት ጡረታ ጠይቀው የሕክምና ቦርድ ፊት ቀርበው ነበር፤ «መሥራት ይችላሉ» ተብለው ተመለሱ። እንግዲህ በዚያ እጅ የኤሌክትሪክ መጋዝ ፊት ሊቆሙ ነው።

ምን እንደምል ሳስብ ከኋላችን በር ተከፈተና መነጽር ያደረገች ወጣት ብቅ አለች።

«አባባ፣ ምን በዝናብ ያስመታዎታል? ግቡና ተቀመጡ እንጂ!»

ገባን። ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፋይል። ግድግዳው ላይ «ነፃ የሕግ ድጋፍ» ይላል። ጋሽ ውሃልክ ይህን ሲያነቡ ወደ በሩ ዞር አሉ።

«እኛ እንኳ ሙግት የለንም፤ የመጣነው ከዝናቡ ልንሸሽ ነው።»

«በዝናቡ ላይም ክስ አልመሠርትም፤ ይቀመጡ» አለች ጠበቃዋ እየሳቀች።

ተቀመጥን። እሷ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ከፊታችን የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ጋሽ ውሃልክ ቻሉ፣ ቻሉ፤ በመጨረሻ አልሆነላቸውምና ተነሥተው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ክንዱ ደረታቸው ድረስ ወጥቶ እዚያው ቆመና ተንቀጠቀጠ። ምንም እንዳልሆነ ሰው በግራቸው አስተካክለው ተመለሱ።

ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «አባባ፣ ክንድዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

«ደህና አይደለም» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእኔ ነበር። አንዴ ካመለጠኝ አይቀር ስለ ጣውላው፣ ስለ ቦርዱና ስለ ሰኞ ነገርኳት።

«አንተ ልጅ!» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «ያከራየሁህ ክፍል ነው እንጂ አፍ አይደለም!»

ጠበቃዋ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ቀረበች። «ቦርዱ ፊት ምን ተባባላችሁ?»

«ምን እንባባላለን? ሐኪሙ 'እንዴት ነዎት' አለኝ፤ 'ተመስገን፣ ደህና ነኝ' አልኩት። ሰው ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል? ያስቀመጡኝ ወንበር ግን ይወዛወዛል። እግሩ ላልቷል። ገልብጬ፣ መታ መታ አድርጌ አጠበቅኩላቸው።»

«በየትኛው እጅ?»

«በ... በሁለቱም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተደንቀው እርስ በርስ ተያዩ!»

ይህን ሲሉ ፊታቸው በኩራት በራ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ያን ክንድ ከጎናቸው ማንቀሳቀስ እንዳቃታቸው ግን አልነገሯትም። በእኛ ዘንድ ሕመምን መዋጥ እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ብዙ ሰው የወደቀበትን ዕንጨት በትከሻው ችሎ፣ «ምን ይሉኛል» በሚል ሌላ ሸክም ይጎብጣል። ይህ ልማድ ሐኪም ቤት ድረስ ተከትሎን ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አባባ» አለች ጠበቃዋ፣ «ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ግን ጊዜው ሊያልፍ ነው።»

«ልጄ፣ ተባረኪ። እኔ ግን ያልሠራሁበትን በልቼ አላውቅም። በስተርጅና እጄን ዘርግቼ ልለምን?»

«ከደመወዝዎ ለጡረታ ይቆረጥ አልነበር?»

«እንዴታ! አንድም ወር ቀርቶ አያውቅም።»

«ለምን ነበር የሚቆረጠው?»

«ለክፉ ቀን ነዋ።»

«ታዲያ ክፉው ቀን ሲመጣ ራሱ ያስቀመጠውን የሚያወጣ ሰው ለማኝ ይባላል?»

ጋሽ ውሃልክ መልስ ፍለጋ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ዝናቡ አየሁ።

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን ቦርዱ አንዴ ፈርዷል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ከመሥሪያ ቤት ጋር እሰጥ አገባ ገጥሜ ምን ላተርፍ?»

«ይግባኝ እሰጥ አገባ አይደለም አባባ፤ ስድብም አይደለም። ሕጉ ራሱ 'በውሳኔው ያልተስማማ በዚህ ይግባ' ብሎ በር ትቷል። በር የተሠራው እንዲገባበት አይደለም?»

«በር ለእኔ? ለቀባሪው አረዱት!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሳይ ተስፋ አደረግሁ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ደግሞስ እውነት የያዘ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል? ጠበቃ የሚፈልግ ነገሩ የጠመመበት ነው።»

«ጥሩ እንጨት የያዘ ሰውስ አናጢ ምን ያደርግለታል?»

«ምን ማለትሽ ነው! እንጨት ብቻውን ወንበር ይሆናል?»

«እውነትም ብቻዋን ማመልከቻ አትሆንም። ማስረጃ የሚሰበስብላት፣ የሚያገጣጥማት፣ በሕጉ ቋንቋ የሚያቆማት ትፈልጋለች። የእኔ ሥራ ይኸው ነው፤ እርስዎንም አላስከፍልም።»

ጋሽ ውሃልክ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩ። በመጨረሻ ዋናው ነገር ወጣ። «ስሚኝ ልጄ፤ እንዲህ ሆንኩ፣ እንዲያ አቃተኝ እያልኩ ሰው ፊት መዘርዘር አልችልም። ጠላቴን ደስ አይበለው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደንበኛ በር ሊያሠራ መጣ እንበል። ልኩን ንገረኝ ሲሉት፣ ቤቱ ጠባብ መሆኑ እንዳይታወቅበት አስፍቶ ነገረዎት። በሩን ሠሩለት። ገጠመ?»

«ከየት ይገጥማል!»

«ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእሱ ነዋ! የውሸት ልክ የሰጠ እሱ! እንዲህ ያለውን እኔ ከነጣውላው ነው የማባርረው!»

«እርስዎም ለቦርዱ የሰጡት የውሸት ልክ ነው» አለች በቀስታ።

ጋሽ ውሃልክ ተነሡ። «በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ልባል?» ብለው ባርኔጣቸውን ደፉና በሩን ከፈቱ። የዝናቡ ድምፅ ተንጋግቶ ገባ። አለቀ አልኩ፤ ሰኞ መጋዙ ፊት ይቆማሉ፤ ሚስታቸውም በየቀኑ በር በር እያዩ ይውላሉ። እሳቸው ግን የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ። ጀርባቸውን እንደሰጡን፣ ለዝናቡ የሚናገሩ ይመስል፦

«የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ሚስቴ ናት» አሉ።

ጠበቃዋ ብዕሯን ቀስ ብላ አነሣች።

«ሌሊት ስነቃ እጁ ያለ አይመስለኝም። መኖሩን በሌላው እጄ ዳብሼ ነው የማውቀው።» በሩን ዘግተው ተመለሱና ተቀመጡ። «ጻፊው። ልኩ ይኸ ነው።»

ሰው እውነቱን በመናገሩ ያንሳል የሚል ቢኖር ያን ጊዜ ጋሽ ውሃልክን ባየ። እኔ እንደዚያ ቀን ረዝመው አይቻቸው አላውቅም።

ሰኞ መጋዝ ቤት አልሄዱም፤ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ጠበቃዋ ይግባኙን ጊዜው ሳያልፍ አስገባች። ፋብሪካው ድረስ ሄዳ አደጋውን ያየውን ካቦ ለምስክርነት አስፈረመች። ሚስታቸውንም አስጠርታ ስትጠይቃቸው፣ «እንዳሻሽ ጠይቂኝ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ፣ «እሱ የደበቀውን ሁሉ እኔ ዘንድ ነው ያስቀመጠው።»

ጋሽ ውሃልክ ለይግባኝ ጉባኤው በሚቀርቡበት ጠዋት እኚሁ ሚስት፣ ዳኞቹ አይተው እንዲያዝኑ ሸሚዙን ሳይቆልፉ ሊሰዷቸው ፈለጉ። ጠበቃዋ «አይሆንም፤ ከሆነው ሳንጨምር፣ ሳንቀንስ» አለች። ጋሽ ውሃልክም «ይኸንን እንኳ ለእኔ አትንገሪኝ» ብለው አንገታቸው ድረስ ተቆልፈው፣ ኮታቸው ተተኩሶ ቀረቡ።

የይግባኝ ጉባኤው ሦስት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢዋ ፋይሉን ገልጠው፣ «አባት፣ እንዴት ነዎት?» አሉ።

እኔ ከሚስታቸው ጋር ከኋላ ተቀምጫለሁ።

«እመቤቴ፣ ሰላምታ ከሆነ ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «ጥያቄ ከሆነ ግን ደህና አይደለሁም።»

ሰብሳቢዋ ፈገግ አሉ። «ጥያቄ ነው።»

ተናገሩ። ሳያለቅሱ፣ ሳያጋንኑ፣ የሠሩትን ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ተናገሩ። ክንድዎን ያንሡ ሲባሉ እስከሚችሉት አነሡና «ድንበሩ ይኸ ነው» አሉ። ስለ ወንበሩም ሲጠየቁ፣ «ያኔ ያነሣው ክንዴ አልነበረም፤ ጉራዬ ነው» ብለው ጉባኤውን አሳቁት። ጠበቃዋ የሐኪሙን ውጤትና የካቦውን ቃል አስከትላ፣ አንድ ጊዜ የተጠገነ ወንበር እጁ በየቀኑ ለመሥራቱ ማስረጃ እንደማይሆን አስረዳች።

የቦርዱ ውሳኔ ተሻረ። ጡረታው ተፈቀደ፤ ሕክምናውም እንዲቀጥል ታዘዘ። ይህ ሲነበብ ጋሽ ውሃልክ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። ሚስታቸው በኩራት አገጫቸውን ከፍ አድርገው አዳራሹን በሙሉ ተመለከቱ፤ ከእኔ በቀር ተመልካች ባይኖርም፣ ባዶዎቹ ወንበሮች ሁሉ ክብራቸውን የተቀበሉ መሰሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን አብረን እንመልከት። አንድ እጅ ከመጋዝ ተረፈ። አንዲት ሚስት ሳትሳቀቅ አደረች። ዕድሜ ልኩን የሠራ ሰው ያስቀመጠውን ወሰደ፤ ማንንም አልለመነም፤ ማንንም አልዋሸም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሁላችንም እንሰማለን፤ በሽታውን የደበቀ መብትም እንደሌለው ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። የሕግ ዐዋቂ መጠየቅ ጠብ መፈለግ አይደለም፤ ባላወቁት ሥራ ባለሙያ መጥራት ነው።

ይህን እኔ ብቻዬን በመስኮቴ ሳስበው፣ ጋሽ ውሃልክ ግን ወደ ተግባር ገብተው ነበር። በዚያው ፋብሪካ የመላጊያ ማሽን ጩኸት ጆሮውን የደፈነው የቀድሞ ባልደረባ አላቸው፤ መስማት እንደተሳነው እንዳይታወቅበት ለተባለው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ የሚስቅ ሰው። አንድ ጠዋት ከግቢያችን በር ላይ አስቆሙት።

«ለጉዳትህ ጡረታ ጠይቅ!» አሉት።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ሳቀ።

«አትሳቅ! አልሰማህም!»

«እ? ልመናማ አልወድም» አለ፣ ጥቂት ሲገባው።

«ልመና አይደለም!» ብለው ጮኹ። «የራስህ ነው! ከደመወዝህ የተቆረጠ! ጠበቃዋ አታስከፍልም! ሐኪሙ ሲጠይቅህ አልሰማም በል እንጂ አትነቅንቅ! ቢከለክሉህ ይግባኝ አለ!»

መስኮቶች ተከፈቱ። ወገቧ ስለተጎዳ ቆማ የምትሰፋው ልብስ ሰፊ መቀሷን ይዛ ወጣች። እግሩ የተሰበረው የጭነት መኪና ሹፌር በምርኩዙ ተደግፎ ከማዶ ያዳምጣል። ለአንድ ጆሮ ተብሎ የተጮኸው ለመንገዱ ሁሉ ደረሰ።

በማግስቱ ጠበቃዋ ቢሮዋን ልትከፍት ስትመጣ ደጃፉ ላይ ሰዎች ተሰልፈው አገኘች። ጋሽ ውሃልክ በመካከላቸው ቆመዋል፤ ድምፃቸው በጩኸት ተዘግቶ፣ አንድ በአንድ እየዞሩ በሹክሹክታ ይመክሩ ነበር።