ከኩርባው ላይ የወረደው መስታወት

የምስክር ቃል

የመስካሪዋ መጠሪያ፦ ሕጋዊ ስማቸው በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል፤ በመንገዱ ላይ «እማማ ኩርባ» በመባል ይታወቃሉ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ሻይ ቤት
አድራሻ፦ በተራራው መንገድ፣ ከትልቁ ኩርባ በታች፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ እናት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ግጭቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

እኔ አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው መስካሪ፣ እሑድ ጠዋት በተራራው መንገድ ትልቁ ኩርባ ላይ በአንዲት ቀይ የስፖርት መኪናና ልጄ በሚያሽከረክረው የጭነት መኪና መካከል ስለደረሰው ግጭት የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። በግጭቱ የቀይዋ መኪና አሽከርካሪ የነበረው ወጣት ሕይወቱ አልፏል። ልጄ እጁ ተሰብሮ በዚህ ጣቢያ ታስሮ ይገኛል። መርማሪው አስቀድመው ግጭቱን በዓይኔ አይቼ እንደሆነ ጠይቀውኛል። እመልሳለሁ፤ ከመመለሴ በፊት ግን ስለ መስታወቱ እንድናገር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ሻይ ቤቴ ከኩርባው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በሬ ላይ ሆኜ ከታች የሚመጣውን መኪና ሁሉ አያለሁ። ከላይ የሚወርደውን ግን ቋጥኙ ስለሚጋርደው ማየት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ኩርባው ላይ በብረት ምሰሶ የቆመ፣ ሆዱ ያበጠ ትልቅ ክብ መስታወት ነበር። ያስተከለው ሟች ባለቤቴ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን ሕዝብ ጭኖ እዚያው ኩርባ ላይ ከሌላ መኪና ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጦ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ወደ መንገዶች መሥሪያ ቤት እግሩ እስኪቀጥን ተመላለሰ፤ ዛሬ ነገ ሲሉት ከርመው በመጨረሻ ተከሉት። እሱ ከሞተ በኋላ መስታወቱን የምወለውለው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ጉም ስለሚያለብሰው በመሰላል ወጥቼ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ማንም አልቀጠረኝም። ጎረቤቶቼ «በዚህ ዕድሜሽ ምነው መስታወት ፊት አበዛሽ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

መስታወቱ ለእኔ ሌላም ጥቅም ነበረው። ልጄ ከላይ መንደሮች ድንችና ጎመን ጭኖ ሲወርድ ገና ከኩርባው ማዶ ሳለ አየዋለሁ። ሳየው በራዱን እጥዳለሁ። በሬ ላይ ሲደርስ ሻዩ ደርሶ ይጠብቀዋል። ያገባ ሰሞን ሚስቱን «እናቴ ጠረኔን ከኩርባ ማዶ ታውቃለች» ብሎ አታልሏት፣ ምራቴ እውነት መስሏት ብዙ ጊዜ ስትፈራኝ ኖራለች።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የስፖርት መኪና ወዳጆች ማኅበር የሚባሉ ሰዎች መጡ። መንገዳችንን በመኪና ለመንሸራሸር ከሚያምሩት የተራራ መንገዶች አንዱ ነው ብለው መርጠውት ኖሯል። እኛ እንኳ ማማሩን ልብ አላልነውም፤ ፍሬን ስንረግጥ ነው የኖርነው። ፊልም ሊቀርጹበት ስለነበር መንገዱ ከላይም ከታችም ለአንድ ቀን ተዘጋላቸው። ሻይ ቤቴ እይታውን ያበላሻል ብለው በአረንጓዴ መረብ ሸፈኑት፤ ቀኑን ሙሉ እንደ ዶሮ መረብ ውስጥ ዋልኩ። ቀጥሎ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ካሜራ የያዙት ሰዎች በየቀረጻው መስታወቱ ውስጥ ስለሚታዩ ለአንድ ቀን ይውረድ ተባለ። መሰላል አውሺን ሲሉኝ ተሰብሯል አልኳቸው። እነሱ ግን መኪና ጣሪያ ላይ ቆመው ፈትተው አወረዱት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነገ በቦታው እንደሚመለስ በአንደበቱ ነግሮኛል።

ያ ነገ እስከ ዛሬ አልነጋም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተራራው ጫፍ ላይ ወዳለው እንግዳ ማረፊያ እንቁላል ይዤ ስሄድ መስታወቱን ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የማኅበሩ ሰዎች ተራ በተራ ፊቱ እየቆሙ ፎቶ ይነሱ ነበር። የኩርባው መስታወት መሆኑን በምን እንዳወቅሁ መርማሪው ጠይቀውኛል። ከታች በግራ በኩል ጠጠር የሰነጠቀው ቦታ አለ፤ ውሃ እንዳይገባበት የምራቴን ቀይ የጥፍር ቀለም የቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሊቀመንበሩን ስጠይቀው ለማስታወሻ እንዳስቀሩትና ለመንገዱ አዲስ እንደሚገዛ ነገረኝ። መንገዶች መሥሪያ ቤትም ሄጄ አቤት ብያለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄን በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው የምጠብቀው። ኩርባው ጋ ሲደርስ አንድ ረጅም ክላክስ ያሰማል፤ ይህ ለመንገዱ ነው። ኩርባውን እንዳለፈ አጭር ይጨምራል፤ ይኼ የእኔ ነው።

ፊልሙን ምራቴ በስልኳ አሳይታኛለች። ያምራል፤ አልዋሽም። መኪኖቹ ኩርባው ላይ ሲደርሱ የመንገዱን ስፋት በሙሉ ይዘው ከዳር እስከ ዳር ይጠመዘዛሉ። ቤቴ የለም። መስታወቱ የለም። ከላይ የሚወርድ ሰውም የለም። እሑድ እሑድ ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ መንገዳችንን የሚያውቁት በዚህ ፊልም ነው።

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሟቹ ወጣት ቀይዋን መኪና በሬ ላይ አቁሞ ሻይ ጠየቀኝ። ትሑት ልጅ ነበር፤ ብርጭቆውን ራሱ አጥቦ ሊመልስልኝ ሲል ከለከልኩት። ከላይ የሚወርዱ መኪኖች ስላሉ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ነገርኩት።

«አይዞዎት እማማ፣ መንገዱን በቃሌ ነው የማውቀው» አለኝ።

ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው የመጀመሪያው መሆኑን፣ ነገር ግን ፊልሙን ደጋግሞ ማየቱን ነገረኝ። ተሰናብቶኝ ተነሣ። ሞተሩ ሲጮህ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጠቀጡ። መኪናዋ የመንገዱን መሐል ይዛ በፍጥነት ወደ ኩርባው ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ ቋጥኙ ጋረዳት። ከቋጥኙ ማዶ የልጄን ረጅም ክላክስ ሰማሁ። በራዱን አነሳሁና አጭሩን ጠበቅሁ። አጭሩ አልመጣም።

ሮጬ ስደርስ ቀይዋ መኪና ከጭነት መኪናው ሥር ገብታ ነበር። ልጄ በተሰበረ እጁ የቀይዋን መኪና በር ለመክፈት ይታገል ነበር። ወጣቱ ትንፋሹ አልነበረም። እኔም እናት ነኝ፤ የወለደችውን አስባታለሁ። የጭነት መኪናው ለምን መንገዱ መሐል እንደነበረ ስጠየቅ፣ በገደሉ በኩል ያለው ጠርዝ ባለፈው ክረምት ስለተናደ ከላይ የሚወርድ ሁሉ መሐሉን ሳይዝ ማለፍ እንደማይችል፣ ድሮ ግን መስታወቱን አይቶ ከታች የሚመጣ ካለ ቆሞ ያሳልፍ እንደነበር ተናግሬያለሁ። መርማሪው ይህ በባለሙያ የሚጣራ ነው ብለዋል።

ሰኞ ዕለት ሊቀመንበሩ ከሁለት ሰዎች ጋር ሻይ ቤቴ መጥቶ ነበር። በቀይዋ መኪና ላይ ከተገጠመው ካሜራ የተገኘውን፣ የልጄ መኪና መሐል መንገድ ላይ የሚታይበትን ምስል አሳየኝ። በሐዘኑ ላይ ሐዘን እንዳልጨምር ለመነኝና እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ግጭቱን አላዩም። አላየሁም ካሉ ይበቃል፤ የመስታወቱን ነገር ምን ያደርግልዎታል?»

ማክሰኞ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም መጣ።

«አየሁ በይ፤ ልጁ በቀኙ ነበር በይ። እናት ለልጇ ያላየችውን ብታይ ማን ይፈርድባታል?» አለኝ።

ምራቴ ግን የጥፍር ቀለሟን ብልቃጥ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች፤ ከሁለቱ ምክር የእሷ ብልቃጥ ከበደኝ። ይህ ከጉዳዩ ጋር ስለማይያያዝ አይጻፍም ተብሎ ነበር፤ አይጻፍም ከሆነ አልፈርምም ስላልኩ ተጽፏል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ የሚከተለው ነው። ግጭቱን አላየሁም። አይቼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ይህ ቃል ልጄን እንደሚጎዳ ይገባኛል፤ ከዚህ ግድግዳ ማዶ ሲያስል እየሰማሁት ነው የምናገረው። ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ እዚያው በሬ ላይ ቆሜ ሁለቱንም መኪኖች አይ ነበር፤ ማን በየት በኩል እንደነበረ ለመናገርም የማንም ምክር ባላስፈለገኝ። ከዚያም በላይ ሁለቱ ልጆች ራሳቸው በተያዩ ነበር። ሊቀመንበሩ አላየችም ሲል እውነቱን ነው። እንዳላይ ያደረገኝ እሱ ስለሆነ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል?

መስታወቱ ከእንግዳ ማረፊያው ተወስዶ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በኤግዚቢትነት እንደሚያዝ መርማሪው ገልጸውልኛል። እስከዚያው ኩርባው ላይ ይሰቀል ብዬ ጠይቄ፣ ማስረጃ ከቤት ውጭ እንደማይቀመጥ ተነግሮኛል። ሌላ ይተከል ብዬም ጠይቄ፣ የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ አይደለም ተብያለሁ። ማኅበሩ ግን በመጪው እሑድ ለሟቹ መታሰቢያ በዚያው መንገድ በሰልፍ ሊነዳ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ይህን መርማሪውም አልካዱም። በዚያ ቀን ቀይ ፎጣዬን ይዤ ኩርባው ላይ እቆማለሁ። መንገድ ዘጋች ተብዬ የምከሰስ ከሆነም ይኸው ከአሁኑ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከላይ የሚወርድ ሰው አለ፤ የማንም ልጅ ይሁን።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ፣ ያላየሁትንም አላየሁም ብያለሁ። ለልጄ ይጥቀመው ይጉዳው ሳላውቅ፣ እውነት መሆኑን ብቻ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የመስካሪዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ በመስካሪዋ ቃል መሠረት መስታወቱ በዚሁ ዕለት ከቀትር በኋላ ከእንግዳ ማረፊያው ግድግዳ ላይ ወርዶ ተረክበነዋል። ከታች በግራ በኩል በቀይ የጥፍር ቀለም የተደፈነ ስንጥቅ መኖሩ ታይቷል። ሌላ ጉዳት የለበትም። እንዳይሰበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረን በንብረት ክፍል አስቀምጠነዋል።