የአሳንሰር ጠጋኙና አዲሱ ስልክ

የጥርስ ሕመሜን ይዤ ከሐኪም ስመለስ፣ የምኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ አንድ ጎረቤቴ ተቀምጠው ሞባይላቸው ላይ እንዳፈጠጡ አገኘኋቸው። ምድር ቤት ባለችው ክፍል የአሳንሰር ጥገና ሥራ ያላቸው አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ከፎቅ ፎቅ ሲሉ ስለኖሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ ውጣ-ውረድ» ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም?» አልኳቸው።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! ልጄ የሥራ ስልኬን ወደ ኢንተርኔት ከቀየረችው ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ሲጮኽ ኪሴም ይጮኻል፤ የልጄም ቦርሳ ይጮኻል። የትኛውን ላንሳ? እዚህ ደረጃ ላይ ሆኜ ሳነሣው ደዋዩ ‹ቢሮ ነዎት?› ይለኛል። ነኝ ልበል፣ አይደለሁም ልበል? እባክዎ ይምጡና ይዳኙን።»

ወረድን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የብረት ገመድ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ወለሉ በግራሶ ጠቁሯል። ልጃቸው ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች ስትሆን፣ የአባቷንም ሞያ ይዛ አብራቸው ትሠራለች። ወንበር አቀረበችልኝ። ጋሼ ግን ሳይቀመጡ ክሳቸውን ጀመሩ።

«እስቲ ልጠይቅሽ ልጄ። መብራት ሲጠፋ ምን ይቆማል?»

«አሳንሰር።»

«ውስጡ የቀረው ሰው ለማን ይደውላል?»

«ለእርስዎ፣ አባባ።»

«ያንቺስ ስልክ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?»

«የጠረጴዛው ይጠፋል» አለች ቀስ ብላ።

«ሰሙ መምህር? ሐኪሙ ከበሽተኛው ጋር እኩል ሊታመም ነው! የድሮው ግን መብራት ኖረ አልኖረ ይሠራል።»

እውነት ለመናገር፣ ልፈርድላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ጉድለቱን አልክድም አባባ። ኢንተርኔቱ ሲደክም ድምፅ ይቆራረጣል፤ ጥሩ መስመር ይፈልጋል፤ እሱም ወጪ አለው። ግን ባለፈው ክረምት እርስዎ ከዕቃ ነጋዴው ጋር በስልክ ሲከራከሩ፣ እነዚያ ባልና ሚስት ከአሳንሰር ውስጥ ቢደውሉ ቢደውሉ ስልኩ ተይዞ አልነበረም? ሰውዬው ራሳቸውን ስተው አይደል የወጡት? ለሥራ ስንወጣስ? ስልኩ ባዶ ቤት ሲጮኽ ይውላል፤ የኛ መመለስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አዲሱ ቁጥራችንን አልቀየረም። አንዱ ስልክ ቢያዝ ጥሪውን ለሌላው ይሰጣል፤ የጠረጴዛው ቢጠፋ ወደ ሞባይልዎ ይዞራል።»

«ማን ነው የሚያዞረው? ሰው ተቀምጧል?»

«ሰው የለም አባባ፤ ራሱ ነው።»

«ራሱ ማን?»

መምህር ተብዬ ላስረዳ ብሞክር፣ የተናገርኩት እጅ እግር ስላልነበረው ጋሼ የባሰ ግራ ገባቸው። እኛ ተማርን ባዮች የአዲሱን ነገር ጥቅም ስንደረድር የሰሚውን ጥያቄ እንረሳለን።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። የጠረጴዛው ስልክ ድርግም አለ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ። «ሞተ!»

አፋቸውን ሳይገጥሙ ኪሳቸውም የልጅቷ ቦርሳም ጮኸ፤ ጋሼ አነሡት።

«የአሳንሰር ጥገና ነው? ነርስ ነኝ! በሽተኛ ይዤ አሳንሰር ውስጥ ቀርቻለሁ፤ ጀነሬተሩም አልነሣ ብሏል። የበሽተኛው ኦክስጅን እያለቀብን ነው!»

«በየት በኩል ደወልሽ? ስልኩ እኮ ሞቷል!»

«ወደ እርስዎ ዞሮ ነው አባባ! ያነጋግሯት!»

ጋሼ ደንገጥ ብለው ሰብሰብ አሉ። «የት ሕንፃ ነሽ የኔ ልጅ? በሩን እንዳትገፉት። መጣሁ።» እሳቸው ገና ሲያናግሯት የልጅቷ ሞባይል ጮኸ። የተደወለው በዚያው ቁጥር ነው፤ ሌላ ሕንፃ ውስጥ አንድ አባት ከሕፃናት ልጆቹ ጋር ቀርቷል። ጋሼና ልጃቸው መፍቻቸውን አንሥተው አንዱ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ሮጡ።

ልቤ አላስቀምጥ ስላለኝ እዚያው ቆየሁ። ልጅቷ ቀድማ መጣች፤ ሕፃናቱ በሰላም ወጥተዋል። ጋሼ በላብ ተጠምቀው ገቡና ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«በሽተኛው ተርፏል» አሉ። ቀጥለውም፣ «በድሮው ስልክ አንደኛዎቹ ‹ተይዟል› ይባሉ ነበር። የትኞቹ? ነርሷ ወይስ ሕፃናቱ?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆንኩ ልጄ። በቃ፣ ይሁን።»

«የሞባይልዎ ባትሪ አልቆ ቢሆንስ ኖሮ?» አልኩ፤ ጥርጣሬው አሁን ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

«እውነትዎን ነው» አለች ልጅቷ። «ለኢንተርኔቱ መሣሪያ መጠባበቂያ ባትሪ እንገዛለን፤ ሞባይሎቻችንም ሞልተው ማደር አለባቸው። ጥንቃቄ ከሌለው አዲሱም ከአሮጌው አይሻልም።»

እኔም ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አዲሱ ስልክ ባለሙያውን ከጠረጴዛው ፈትቶ ደንበኛው ካለበት ያደርሰዋል፤ አንዱ ሲናገር ሌላውን ደጅ አያስጠናም። በምላሹም መብራትን፣ ጥሩ መስመርንና የሰው ትጋትን ይጠይቃል። ይህን አውቆ የተዘጋጀ ይጠቀማል፤ ሳይዘጋጅ የገባበት ግን በችግር ቀን ይከዳዋል።

ጋሼ ላባቸውን ጠረጉና ለልጃቸው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ጎተቱላት።

«ማመኑን አምኛለሁ፤ መረዳቱን ግን ገና አልተረዳሁም» አሉ። «ነይ ቁጭ በይና ከሀ ጀምሪልኝ።»