የትዕዛዙ ቦታና የአስካለ ማርያም ካርድ

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ከሞላሌ ገበያ ስመለስ ነፋሱ ጆሮዬን ሊነቅለው ደረሰ። ልከለል ብዬ ወደ ሰንበቴ ቤታችን ግድግዳ ጠጋ ስል ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ማኅበርተኛችን ወይዘሮ አስካለ ማርያም ናቸው፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ሲቆጡ ግን ራቅ ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ሁለተኛዋ የጎረቤታቸው ልጅ ትሕትና ናት፤ ደብረ ብርሃን ተምራ መምህርት ሆና በቅርቡ የተመለሰች።

ወይዘሮ አስካለ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። የእንዝርቱ አሿሿር ንዴታቸውን ይናገራል።

«እርስዎ አስተማሪው፣ እስቲ ይፍረዱ!» አሉኝ። «የቀበሌ ምርጫ ምዝገባ ነገ ያበቃል ቢሉኝ ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ትዕዛዙን አንመዘግብም ብለው መለሱኝ!»

ትዕዛዙ ባላቸው ነው። በደርግ ዘመን ወደ ጦር ሜዳ ተወስዶ አልተመለሰም፤ መርዶውም አልመጣም። ዘመድ «ተዝካሩን አውጪ» ሲላቸው «መርዶ ያልመጣለትን ሰው በእጄ አልቀብርም» ብለው እምቢ አሉ። በሰንበቴያችን መሪያችን ሙሴው ማኅበርተኛውን በስም ሲጠሩ፣ «ትዕዛዙ» ሲባል «አለ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ስም ግን አይጠራም። ተራው ሲደርስም ዳቦና ጠላውን ያቀርባሉ፤ የራቀ ሰው ቦታው አይነጠቅም። ምርጫውንም እንደ ሰንበቴ ቆጥረውት ነበር።

«እትዬ፣» አለች ትሕትና፣ «ሰንበቴ ላይ ሰው ለሰው ይመልሳል። ለምርጫ ግን እያንዳንዱ ራሱ ቀርቦ ነው የሚመዘገበው፤ ሚስት ለባሏ፣ ልጅ ለአባቱ አይሆንም። እርስዎ በራስዎ ስም ይመዝገቡ።»

«በራሴ ስም?» እንዝርቱ ቆመ። «አገሩ ምን ይለኛል? አስካለ ተስፋ ቆረጠች፣ ትዕዛዙን ተወችው አይለኝም? እሱስ ነገ ቢመጣ በቦታው ማንን ያገኛል?»

አንጀቴን በሉት፤ አልደብቅም። ያን ያህል ዘመን የአንድ ሰው ኮቴ ሲናፍቁ የኖሩ ሴት ናቸው።

ትሕትና ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ ጋሼ ትዕዛዙን ለውትድርና የመለመላቸው ማን ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«የዚያን ዘመን የቀበሌ ሰዎች ናቸዋ! ገብስ ሲያጭድ ከማሳው ላይ ወሰዱት። ማጭዱን እንኳ ከመሬት ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«እነሱን ሲሾሟቸው እርስዎን ጠይቀዎት ነበር?»

«እኔን ማን ብሎኝ! ስብሰባው የአባወራ ነው አሉ፣ ቤቴ ዋልኩ።»

«ቢጠይቁዎትስ ኖሮ?»

«ቢጠይቁኝማ...» አሉና አቀረቀሩ። «ቢጠይቁኝማ ያን ጨካኝ ሊቀ መንበር መች እመርጠው ነበር!» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ቆይተው ግን፣ «ዛሬስ ቢሆን ያው የታወቁት አይደሉም የሚቀርቡት? የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» አሉ።

«ይህን በማለትዎ አልፈርድብዎትም» አለች ትሕትና። «ግን ቀበሌው ነገ በምንጩ፣ በመሬቱ፣ በሰው ልጅ ላይ ሲወስን፣ ቤት ሆኖ ከማልቀስ ‹መርጬሃለሁና መልስልኝ› ብሎ መሟገት አይሻልም?»

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ነገሩ ከባድ አይደለም» አልኩ። «ዐሥራ ስምንት ዓመት መሙላትዎን መቼም ማንም አይጠራጠርም» ስል ሳቅ አመለጣቸው። «በቀበሌው ስድስት ወር መኖር ይበቃል። መታወቂያዎን ይዘው ይቀርባሉ፤ ከሌለዎት የሚያውቁዎት ሰዎች ይመሰክራሉ። ክፍያ የለውም። የሚሰጡዎትን ካርድ እስከ ሚያዝያ ከአይጥ ይጠብቁት። የምርጫው ዕለት ካርዱን ያሳያሉ፣ ጣትዎን ቀለም ይቀቡዎታል። ከመጋረጃው ኋላ ብቻዎን ገብተው ከወደዱት ሰው ምልክት ጎን በጣትዎ ያትማሉ፤ ወረቀቱን አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ይከታሉ።»

«ማንን እንዳልኩ የሚያይ የለም?»

«ማንም።»

«ትዕዛዙ ቢመጣስ?»

«ጋሼ ትዕዛዙ ቢመጡ የራሳቸውን ካርድ ያወጣሉ እንጂ የእርስዎን አይወስዱም» አለች ትሕትና። «ቦታቸው የሳቸው ነው። ይኼኛው የእርስዎ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ጠጉሩን ጠቅልለው ተነሡ። ምዝገባው ሳይዘጋ ወደ ቀበሌው ተመለሱ፣ ካርዳቸውን ወሰዱ፣ በሚያዝያ መረጡ።

የተመረጠው ሰው ዛሬ በደጃቸው ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥናል፤ «የውሃ ምንጩን መቼ ታሠራዋለህ?» ሳይሉ አያሳልፉትማ። ምንጩ ገና አልተሠራም። ቢሆንም ጠያቂ ያለው ሹም እንደ ልቡ አይተኛም፤ የተመዘገበና የመረጠ ሰው ትልቁ ትርፉ ይህ ነው።

ከምርጫው በኋላ ባለው ሰንበቴ ሙሴው እንደ ወትሮው «ትዕዛዙ!» ብለው ጠሩ።

«አለ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ድምፃቸው እንደ ድሮው በናፍቆት ይንቀጠቀጣል። ሙሴው ወደሚቀጥለው ስም ሊያልፉ ሲሉ ግን ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አነሡ።

«ይቆዩ፣ አባቴ። እኔንም ይጥሩኝ።»

ሙሴው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አስካለ ማርያም!»

«አለሁ!»