ከገበታ አይነሳም

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ቢቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ለፈንጣጣ ክትባት የመጣ ጃፓናዊ ባልደረባዬ፣ ያገሩን ጥብስ እቤቴ ሠርቶ ሊያሳየኝ ገበያ ወርዶ አሳማ ጠየቀ። ማን ሊሸጥለት! የበሬ ሥጋ ገዛን፤ ጠፍጥፈን፣ እንቁላል ውስጥ ነክረን፣ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ አልብሰን ዘይት ውስጥ ጠበስነው። ልንበላ ስንቀርብ፣ ወሬው የደረሳቸው አከራዬ እማማ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆሙ።

«ቤቴን በአሳማ አረከስከው! ይህን ሰው አስወጣልኝ!»

«የበሬ ነው እማማ፤ ይቅመሱት።»

«እኔ? እግዜር ያውጣኝ! ይውጣ!»

ይኼኔ ደሜ ፈላ። «የአሳማም ቢሆን እንግዳዬን ከገበታ አላስነሳም። እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ።»

«እንግዲያስ ውጣ!»

«እሺ፤ በልተን ስንጨርስ» አልኩና እንግዳዬን አጎረስኩት። እሳቸው እዚያው እንደቆሙ አንዲት ሳናስቀር በላን። ከዚያ ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ፤ እሱም ሳጥኔን ይዞ ተከተለኝ።